የወንዝ ድምፅ በስድስት አውታር

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ሦስቱም ደብዳቤዎች የተላኩት ከጅማ ነው። የዓምዱ አዘጋጅም ክራር የሚያስተምረው በዚያው ከተማ በመሆኑ ጸሐፊዎቹ የሚጠቅሱትን ወንዝ፣ ዝናብና ደን ያውቃቸዋል፤ መልሱ አንዳንድ ጊዜ ከመሣሪያው ወጥቶ ወደ ሰፈሩ ቢያዘነብል አንባቢ ይታገሠን።

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ በጅማ በነርስነት የማገለግል የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ያደግሁት አዌቱ ወንዝ አጠገብ ነው። ባለፈው ዓመት አንዲት የውጭ አገር ሴት ትልቁን የአውሮፓ ሃርፕ ስትጫወት በስልኬ ተመለከትሁ። ዜማው ቃል የሌለው ሆኖ የወንዝን ፍሰት እንዲመስል የተደረሰ ነበር፤ ሲያልቅ የልጅነት ቤቴ መስኮት ሥር የቆምሁ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ባለ ስድስት አውታር ክራር ገዝቼ ሦስት ወር ብቻዬን ተለማመድሁ። ነገር ግን ያንን ዜማ ለማውጣት በሞከርሁ ቁጥር የሚጎድሉኝ ድምፆች አሉ። ዜማው በክራር ሊወጣ ይችላል? አክስቴ “ሃርፕ ማለት በገና ነው፤ ክራር የአዝማሪ ነው” እያሉ በገና እንድገዛ ይመክሩኛል። ወደፊት ስለ ወንዙና ስለ ቡናው አበባ የራሴን ግጥም ልገጥምበትም አስቤያለሁ። ደግሞም ዝናብ በዘነበ ቁጥር ክራሬ ቅኝቱን ይለቃል፤ ጥፋቱ የእኔ ነው ወይስ የክራሩ?

መልስ፦ አክስትዎ በአንዱ ነገር ልክ ናቸው፤ በሌላው ግን አልስማማም። ሃርፕን በአማርኛ “በገና” ብሎ መተርጎም የቆየ ልማድ ነው፤ ስያሜው ግን የሁለቱን መሣሪያዎች አሠራር አይገልጽም። በሃርፕ ላይ አውታሮቹ ከድምፅ ሣጥኑ ሽቅብ ተነሥተው በቀጥታ ወደ አንገቱ ይወጣሉ። በበገናና በክራር ላይ ግን ቆዳ በለበሰው ገበቴ ፊት ተዘርግተው፣ ብርኩማ በሚባለው የአውታሮች መደገፊያ ላይ ተሻግረው፣ በሁለቱ ምሰሶዎች አናት ላይ በተጋደመው ቀንበር ይታሰራሉ። ስለዚህ በገና የክራር ታላቅ ወንድም እንጂ የሃርፕ ዘመድ አይደለም፤ በገና ቢገዙም በስልክዎ ያዩት መሣሪያ በእጅዎ አይገባም።

በገና 10 አውታሮች ያሉት፣ ቁመቱ አንድ ሜትር ገደማ የሚደርስ መሣሪያ ነው። ያ የሚነዝር ጥልቅ ድምፁ የሚገኘው በአውታሮቹና በብርኩማው መካከል ከሚገቡት፣ እንዚራ ከሚባሉት ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች ነው። አገልግሎቱም ጸሎትና ምስጋና ነው፤ በተለይ በዐቢይ ጾም የሚሰማ፣ ስለ ንስሐ፣ ስለ ሞትና ስለዚህ ዓለም አላፊነት የሚናገር መሣሪያ በመሆኑ በገና ደርዳሪዎች ለጨዋታ ሲነሣ ቅር ይላቸዋል። አክስትዎ ትክክል የሆኑት እዚህ ላይ ነው፤ በገናን ከፈለጉት ለተሠራበት ነገር ይፈልጉት። ይህን ስል ተፈጥሮ ለበገና ባዕድ ነው ማለቴ አይደለም። በመዝሙረ ዳዊት 103ኛው መዝሙር (በሌላው አቆጣጠር 104ኛው) ምንጮች በተራሮች መካከል ሲፈስሱ፣ የሰማይ ወፎችም በቅርንጫፎች መካከል ድምፃቸውን ሲያሰሙ ይነግረናል፤ ወንዝዎን በምስጋና ሊያነሡት ከሆነ ከዚህ የተሻለ ቃል አላውቅልዎትም። እርስዎ ግን የጻፉልኝ ስለ ልጅነት መስኮትዎ ነው። ለዚህ ክራሩ ይበቃዎታል፤ አዝማሪ ስለ ያዘውም የሚቀልበት ነገር የለም።

አሁን ወደ ጎደሉት ድምፆች እንምጣ። የኮንሰርት ሃርፕ 47 አውታሮችና 7 የእግር መርገጫዎች አሉት፤ እያንዳንዱ መርገጫ አንድን ድምፅ በሁሉም እርከን ላይ በግማሽ ድምፅ ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋል፤ ተጫዋቿም ትንንሾቹን ጣቶቿን ትታ በስምንት ጣቶቿ ትደረድረዋለች። እርስዎ የያዙት ክራር በአንድ ቅኝት የሚሰጠው አምስት ድምፅ ብቻ ነው፤ ስድስተኛው አውታር ከአምስቱ አንዱን በስምንተኛው እርከን (በኦክታቭ) ይደግማል እንጂ አዲስ ድምፅ አይጨምርም። የአውሮፓ ዜማ ግን ብዙውን ጊዜ የሚደረሰው ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ በሚሏቸው ሰባት ድምፆች ነው። ስለዚህ ሦስት ወር ሙሉ ሲፈልጓቸው የነበሩት ሁለት ድምፆች በአውታሮቹ ላይ አልነበሩም፤ ጣትዎን አይውቀሱ።

የሚቀረው ሥራ ከሰባቱ የትኞቹ ሁለት ይቅሩ ብሎ መወሰን ነው፤ ውሳኔው ደግሞ የሚገኘው ከክራሩ ሳይሆን ከአፍ ነው። ክራሩን ግድግዳ ላይ ሰቅለው ዜማውን ለጥቂት ቀናት ዕቃ ሲያጥቡም መንገድ ሲሄዱም ያንጎራጉሩት። ከዚያም ዜማው የሚያርፍባቸውንና ሮጥ ብሎ የሚያልፍባቸውን ድምፆች ይለዩ። ፋ እና ሲ እንዲያው ማለፊያ ብቻ ከሆኑ ክራሩን በትዝታ ሜጀር ይቃኙት፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ይሰጥዎታል። ዜማው ፋ እና ሲ ላይ የሚያርፍ፣ ሬ እና ላን ግን የሚዘላቸው ከሆነ በባቲ ሜጀር ይቃኙት፤ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ያገኛሉ። ልብ ካሉት ሁለቱ ቅኝቶች አንዱ የጣለውን ሌላው አንሥቶ ይዟል፤ ለሰባት ድምፅ ዜማ ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ዜማው መሐል ላይ የሚያዝን፣ ሰማይ እንደሚጠቁርበት ያለ ክፍል ካለው ደግሞ በትዝታ ሜጀር ላይ ሚንና ላን ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያድርጓቸው፤ ክራሩ ወደ ትዝታ ማይነር ይዞራል። ይህን ግን በጨዋታ መሐል አይሞክሩት፤ ክፍሉን ለብቻው አድርገው ይያዙት።

ከአምስቱ ውጭ የሚቀር ድምፅ ሲያጋጥምዎ ጎረቤቱን መምታት የብዙ ጀማሪ ፈተና ነው። እኔ የምመክረው ቦታውን ባዶ እንዲተዉት ነው። ዜማውን የሚያውቅ ሰው ያልተመታውን ድምፅ በጆሮው ይሞላዋል፤ የማያውቀው ሰው ደግሞ የጎደለ ነገር መኖሩን አያውቅም፤ የተሳሳተ ድምፅ ግን ለሁለቱም ይሰማል። ዜማው ከአንድ ስምንተኛ እርከን በላይ ሽቅብ ከወጣም የወጣውን ክፍል ወደ ታች መልሰው ይጫወቱት። “ዶ” የት ይሁን ለሚለው በስልክ ያለው መቃኛ መሪ አይሁንዎ፤ ሲዘፍኑ ከሚመችዎ ዝቅተኛ ድምፅ ይጀምሩና ሌሎቹን አውታሮች ከእርሱ ጋር ያስማሙ፤ ስልኩ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ያለውን ርቀት ይፈትሽልዎት እንጂ መነሻውን አይምረጥልዎት።

እንግዲህ የወንዙ ነገር። የሃርፕ ተጫዋቿ ፍሰቱን ያመጣችው እጇን በአውታሮቹ ላይ ጠርጋ በማሳለፍና ድምፆችን እንደ ደረጃ በማፈራረቅ ነው፤ በ47 አውታር ላይ ይህ ረጅም መንገድ ነው። በስድስት አውታር ላይ እጅዎን ቢጠርጉ ግን ዓይን ሳይጨፈን ያልቃል፤ ደጋግመው ቢያደርጉትም ወንዝ ሳይሆን የበር መጋረጃ ይመስላል። ክራር ወንዝን የሚያመጣው በመደጋገም ነው። ሦስት አውታሮችን፣ ለምሳሌ ዶ፣ ሶልና ላን ይምረጡና በስድስት ምት ውስጥ ያለ ዕረፍት ያመላልሷቸው። ስድስቱን ምት አንድ ጊዜ ሦስት ሦስት አድርገው፣ ሌላ ጊዜ ሁለት ሁለት አድርገው ጫን ይበሉባቸው፤ ድምፆቹ ሳይለወጡ ውኃው ድንጋይ ሲገጥመውና ገለል ሲል ይሰማዎታል። ይህ ከሩቅ የመጣ ብልሃት አይደለም፤ በችክችካ የምንጨፍርበት ምት ራሱ በስድስት የሚቆጠር ነውና ሰውነትዎ አስቀድሞ ያውቀዋል።

ለዚህ የሚስማማው አጨዋወት ድርደራ ነው። በድርደራ የግራ እጅ እያንዳንዱ ጣት የራሱ አውታር ይኖረዋል፤ አውታሩ ስድስት በመሆኑ አንዱ ጣት ሁለት ይይዛል። አውታሮቹ ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው እንደ ደረጃ ተሰልፈው የሚገኙት ሁልጊዜ ስላልሆነ፣ በየአውታሩ አናት ቀንበሩ ላይ የድምፁን ስም በትንሽ ወረቀት ቢለጥፉ አያፍሩ፤ እኔ ተማሪዎቼን ሁሉ አስለጥፋለሁ። ግርፍ የሚባለው ሌላው አጨዋወት ቀኝ እጅ ሁሉንም አውታር በአንድ ጊዜ ሲገርፍ ግራ እጅ የማይፈለጉትን አፍኖ የሚይዝበት ነው፤ ለጭፈራ የተመቸ፣ ለሞላ ወንዝም የሚያገለግል ነው። በበጋ ከድንጋይ ድንጋይ የሚንጠባጠበውን አዌቱ በድርደራ፣ በሐምሌ ደፍርሶ የሚወርደውን በግርፍ ቢጫወቱት ዜማዎ ያለ ተጨማሪ ድምፅ ሁለት ወቅት ይኖረዋል።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም በላይ ይጠንቀቁ። የተመታ አውታር ዝም ካላሰኙት መጮኹን ይቀጥላል፤ ስድስቱም አብረው ሲጮኹ ዜማው ይደፈርሳል። ዝቅተኛውን አውታር ይልቀቁት፤ ከፍተኞቹን ግን እንደ መቱ በዚያው ጣት መልሰው ይንኳቸው። የመጀመሪያዎቹን ዐሥር ቀናት ዜማውን ጨርሶ ትተው፣ በቀን 20 ደቂቃ ያህል ምልልሱንና ማፈኑን ብቻ ይለማመዱ። አሰልቺ ነው። ተማሪዎቼ አብዛኛውን ጊዜ የሚከዱኝም በዚህ ሳምንት ነው። ሆኖም እጅዎ ሳያስቡት ሲያመላልስ በላዩ ዜማውን በአፍዎ ቢጥሉበት በስልክ የሰሙት ነገር ከየት እንደመጣ ሳያውቁት ይመጣል።

ግጥሙን በሚመለከት፣ ስድስት ምት ካለዎት ወል ቤት ይስማማዎታል፤ ስድስት ስድስት ቀለም ሆኖ በመሐል የሚያርፍ ነውና እያንዳንዱ ሐረግ በአንዱ ዙር ላይ ልክ ይቀመጣል። ስለ ቡናው አበባ ጽፈውልኛልና ለመነሻ ያህል የሚከተለውን ገጥሜልዎታለሁ፤ እንደ ፈለጉ ይለውጡት።

የቡናው አበባ ነጭ ለብሶ ያደረው፣
ዝናቡን ነው እንጂ ማንን ሊያከብረው።

ይህን የገጠምሁት ቡና የሚያብበው ከበጋው ድርቅ በኋላ ደህና ዝናብ ሲጥል ስለሆነ ነው። ዝናቡ ከጣለ ከሳምንት ገደማ በኋላ በአንድ ሌሊት ጫካው ነጭ ሆኖ ያድራል፤ ሽታው እስከ መንገድ ይወጣል፤ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላም ይረግፋል። ከረገፈው አበባ የሚቀረው ፍሬ ለመልቀም እስከ ጥቅምትና ኅዳር ይቆያል። የዜማዎን ርዝመት ሲወስኑ ይህን ያስቡ፤ የአበባው ክፍል አጭር ቢሆን ያምርበታል።

የዝናቡና የቅኝቱ ጉዳይ የእርስዎም የክራሩም ጥፋት አይደለም። ጅማ የምንኖር ሰዎች ዓመቱን አብዛኛውን በርጥብ አየር ውስጥ እናሳልፋለን። ገበቴው ላይ የተወጠረው ቆዳ እርጥበት ሲጠጣ ይለሰልሳል፤ ቆዳው ሲለሰልስ ብርኩማው ጥቂት ይሰምጣል፤ ብርኩማው ሲሰምጥ አውታሮቹ ይላላሉ፤ ድምፁ ይወርዳል። ፀሐይ ሲወጣ ቆዳው ይኮማተርና ድምፁ ሽቅብ ይሄዳል። አውታሩ ከጅማት የተሠራ ከሆነ እርሱም ራሱ እርጥበት ስለሚጠጣ ችግሩ ይብሳል። (ጅማትና ጅማ የሚያገናኛቸው የስም መመሳሰል ብቻ ነው፤ ተማሪዎቼ ግን መሳቃቸውን አላቆሙም።) የናይለን አውታር እርጥበቱን ይችለዋል፤ ነገር ግን አዲስ ሲሆን ለቀናት እየተለጠጠ ስለሚላላ ቅኝት አይዝም፤ የእርስዎ ክራር የሦስት ወር ከሆነ ይህ አልፎታል።

ማድረግ የሚችሉት ይህ ነው። ክራሩን ከሲሚንቶ ግድግዳ አርቀው፣ በጨርቅ ሸፍነው፣ አየር በሚያገኝበት ቦታ ይስቀሉት። ከመጫወትዎ በፊት ሩብ ሰዓት ያህል በሚቀመጡበት ክፍል አውጥተው ያቆዩት እንጂ ከጓዳ አምጥተው ወዲያው አይቃኙት። ቆዳው በጣም ከላላ ለጥቂት ደቂቃ በለጋ የጠዋት ፀሐይ ያሳዩት። እሳት ግን ፈጽሞ አያስጠጉት። እኔ በወጣትነቴ በአንድ የሐምሌ ቀን ክራሬን ከቡና መቁያው ምድጃ አጠገብ አሙቄው ስገባ፣ ቆዳው እንደ ከበሮ ጠንክሮ ድምፁ ደስ አሰኝቶኝ ነበር፤ ሦስተኛው ስኒ ሳይቀዳ ከጫፉ ተተረተረ። ቀንበሩ ላይ አውታሩ የተጠመጠመው እንደ ድሮው በጨርቅ ጥቅልል ከሆነም፣ ጥቅልሉ ሲረጥብ ስለሚንሸራተት በደረቅ ጨርቅ ይለውጡት።

ጥያቄ፦ የጅሬን ሰፈር ነዋሪ ስሆን የ11 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። ልጄ ጠዋት ጠዋት የምትሰማቸውን የወፎች ድምፅ በጎረቤታችን ክራር ላይ ለማውጣት ትሞክራለች፤ ጎረቤታችንም ተሰጥዖ አላት ይሉኛል። ዘመዶቻችን ግን ክራር ለሴት ልጅ አይሆንም እያሉ ይቃወማሉ። በዚህ ዕድሜ መጀመርስ ጣቷን አይጎዳትም?

መልስ፦ ለዘመዶችዎ አንድ ስም ይንገሯቸው፤ አስናቀች ወርቁ። በተዋናይነትም በድምፃዊነትም ትታወቃለች፤ ክራር ስትይዝ ግን ወንድ ሴት ብሎ የለየ ሰሚ አልነበራትም። ክርክሩ እዚያ ላይ ካልቆመ እኔ የምጨምረው አይበቃም።

ዕድሜዋ ጥሩ ነው። ጣቷን የሚጎዳው የብረት አውታር ነውና ጎረቤትዎ የብረት አውታር ከተጠቀሙ ለእርስዋ በናይለን ይለውጡላት። ክራሩን ስታቅፍ ትከሻዋ ወደ ላይ የሚነሣ ከሆነ መሣሪያው በዝቶባታል፤ ለልጅ የሚሆን አነስተኛ ክራር በሚሠራ ባለሙያ ሊያሠሩላት ይችላሉ። በቀን ከዐሥር እስከ ዐሥራ አምስት ደቂቃ በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ ስትጠይቅዎ ይፍቀዱላት፤ ሳትጠይቅ አያስገድዷት።

ስለ ወፎቹ ግን ልጅዎ የያዘችውን መንገድ አያቋርጡባት፤ ብዙ አዋቂዎች የሚጀምሩት ከተሳሳተው ጫፍ ነው። የወፍ ድምፅ በአምስት ድምፅ ውስጥ በትክክል አይገባም፤ አብዛኛው ወፍ በእኛ ቅኝት አይዘምርም። የሚያዘው ቁጥሩና አካሄዱ ነው። ዋኖስ ስትጮኽ ስንት ጊዜ ትላለች? የትኛውን ታስረዝማለች? የመጨረሻው ከፍ ይላል ወይስ ይወርዳል? ልጅዎ ይህን በጭብጨባ ታውጣው፤ ከዚያ ሁለት አውታር ብቻ ትምረጥለት። ሁለት አውታርና ትክክለኛ ቁጥር ካላት ጎረቤቱ ሁሉ የትኛይቱ ወፍ እንደሆነች ያውቅላታል። ስድስቱንም አውታር ከተጠቀመች ግን ማንም አያውቅላትም። እሑድ እሑድ ወደ ቦዬ ረግረግ ቢወስዷት የውኃ ወፎቹን ታደምጣለች፤ ክራሩን ግን ቤት ትተዉት ይሂዱ፤ እዚያ የምትወስደው ጆሮዋን ነው።

ጥያቄ፦ በጅማ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ስለ ደን የሚናገር ዜማ እያዘጋጀን ነው። በአንድ በኩል የዝናብ ድምፅ፣ በሌላ በኩል የጉሬዛ ጩኸት ያስፈልገናል። ጓደኞቼ ከስልክ ላይ የተቀዳ ድምፅ እንጨምርበት ይላሉ፤ እኔ በክራር ብቻ ይሁን እላለሁ። የኤሌክትሪክ ክራርስ ይሻላል?

መልስ፦ በክርክሩ ከአንተ ጋር ነኝ፤ ምክንያቴ ግን ከአንተ ሳይለይ አይቀርም። የተቀዳ ዝናብ ክፉ ነገር አይደለም፤ ነገር ግን እውነተኛው ዝናብ አጠገቡ ከተቀመጠ የእናንተ ክራር እርሱን መምሰል እንዳልቻለ ሁሉም ሰው ይሰማል። ብቻውን ሲሆን ግን አድማጩ ከእናንተ ጋር ዝናቡን ያዘንባል።

ዝናብን በክራር ለማምጣት ከባዱ ነገር ምት መተው ነው። ተማሪ ሁሉ ዝናብ ተጫወት ሲባል እኩል እኩል ይመታል፤ ያ የሰዓት ድምፅ ነው። በቆርቆሮ ጣራ ሥር ተቀምጠህ የዝናብን መጀመሪያ አዳምጥ፤ አንድ ጠብታ፣ ዝምታ፣ ሁለት ተከታትለው፣ ረዘም ያለ ዝምታ፣ ከዚያ ሦስት በአንድ ጊዜ ከሦስት ቦታ። ከፍተኞቹን አውታሮች ከብርኩማው አጠገብ በጥፍርህ ጫፍ ንካቸውና በዚያው ቅጽበት አፍናቸው፤ ድምፁ ደረቅና አጭር ይሆናል። ጓደኞችህ ሁለት ከሆኑ ሦስታችሁም ክራር ይዛችሁ እርስ በርስ ሳትተያዩ ብትነኩ ምቱ በራሱ ይጠፋል፤ አንዳችሁ ግን ዝናቡ መቼ እንደሚጠናከር በእግሩ ምልክት ይስጥ። ሲጠናከር ወደ ግርፍ ዙሩ፤ አውታሮቹን ሁሉ በግራ መዳፋችሁ አፍናችሁ በቀኝ ስትገርፏቸው ድምፅ የሌለው ሹክሹክታ ይወጣል፤ የጣራው ዝናብ እርሱ ነው። መዳፋችሁን ከዝቅተኛው አውታር ላይ ብቻ ስታነሡ ነጎድጓድ ይጨመርበታል።

ለጉሬዛ አውታሩን አትመታውም። ጉሬዛ ንጋት ላይ የሚያሰማው ድምፅ ዜማ ያለው አይደለም፤ ከሆድ የሚወጣና የሚንከባለል ጉርምርምታ ነው፤ አንዱ ሲጀምር ከሸለቆው ማዶ ሌላው ይመልስለታል። ዝቅተኛውን አውታር ሙጫ በነካው ጣትህ ከላይ ወደ ታች ጎትተው፤ አለዚያም የአውራ ጣትህን ገላ በቆዳው ፊት ላይ እየጫንህ አንሸራትተው። ቆዳው ራሱ ይጉረመርማል። “በለጠ ጌራ” በሚባለው ደን ውስጥ አድረህ ሰምተኸው ከሆነ ከአንዱ ጩኸት ወደ ሌላው ያለው ዝምታ ምን ያህል እንደሆነ ታስታውሳለህ፤ ዝምታውን በትክክል ካስቀመጥህ ጩኸቱ ባይመስልም ጉሬዛ መሆኑ አይጠፋም። የቅኝት ምርጫ ከጠየቅኸኝ ለዚህ ክፍል አንቺ ሆዬን እመርጣለሁ፤ ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ዝቅ ያለ ሶል፣ ላ። ሁለቱ ቦታ ላይ ድምፆቹ ግማሽ ድምፅ ብቻ ተራርቀው ስለሚቀመጡ ንጋት ላይ ደኑን ያለበሰውን ጉም ያህል እርግጠኛ ያልሆነ ስሜት አለው። ይህ የእኔ ጆሮ ነው፤ አምባሰልን የሚመርጥ ሰው ቢመጣ አልከራከረውም።

የኤሌክትሪክ ክራር ለትልቅ አዳራሽ ይጠቅማል። ለእናንተ ሥራ ግን አንድ ችግር አለበት፤ አብዛኛዎቹ ቆዳ የሌላቸው ወይም የቆዳው ድምፅ የማይሰማባቸው ናቸው፤ ዝናቡንም ጉሬዛውንም የምታወጡት ደግሞ ከቆዳው ነው። የቆዳውን ክራር ይዛችሁ ማይክሮፎኑን ከብርኩማው በታች፣ ከገበቴው ፊት አንድ ስንዝር ያህል ርቀት ላይ አቁሙት። በስልክም ከቀዳችሁት ርቀቱ ያው ነው፤ ስልኩን ግን ክራሩ ባለበት ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጡት፤ ጠረጴዛው የራሱን ድምፅ ይጨምርበታል።